ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ምስጋኑ እና አሥራ አራተኛው ማሳ

ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከአባታቸው ከአለቃ ምስጋኑ ዘመን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ከፋለ፣ ከሙጃ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው ገብስ አምባ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው ቆጠሩ፤ ዜማና ቅዳሴ ላሊበላ ተማሩ። በ1969 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓለምእሸት ቃለሕይወት ጋር በቁርባን ተጋብተው ወንድምአገኝንና ሰርክአዲስን ወለዱ። በ1971 ዓ.ም. ቅስና ተቀብለው የመንደራችንን ገብርኤል ማገልገል ጀመሩ። ለሠላሳ ስድስት ዓመት የእሳቸው የንስሐ ልጅ ያልሆነ ቤት በገብስ አምባ አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. አንድ ባለሀብት በአምባው ላይ የእንጆሪ እርሻ ከፈተ። ፍሬው መንገድ ላይ እየተበላሸ ቢያስቸግረው፣ በ2003 ዓ.ም. ለትንሽ አውሮፕላኑ ማረፊያ የአሥራ አራት አባወራ ማሳ ጠየቀ። ሰው እምቢ አለ። ያን ጊዜ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆመው፣ «ምጥ የጸናባትን ሴት አውሮፕላኑ ሆስፒታል ሊያደርስልን ሰውየው ቃል ገብቶልኛል። የእኔን ማሳ አስቀድሜ ሰጥቻለሁ» አሉ። እናንተ የመንደራችን ሰዎች ማሳችሁን የሰጣችሁት ባለሀብቱን ሳይሆን እሳቸውን አምናችሁ ነበር። እሳቸው ደግሞ ባለሀብቱን አመኑ፤ ጥፋታቸው ይኸው ነው።

ማሳው ጠጠር ለብሶ በከባድ መኪና ተጠቀጠቀ። በ2007 ዓ.ም. የአቶ ፈንታው ባለቤት ወይዘሮ አሰለች ምጥ ጸንቶባቸው በቃሬዛ ወደ ማረፊያው ተወሰዱ። አውሮፕላኑ ግን እንጆሪ ስለሞላ ቦታ የለም ተብሎ ተነሥቶ ሄደ። ወይዘሮ አሰለች ከነልጃቸው እዚያው ሜዳ ዳር ዐረፉ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የቄስ ሰይፈ ሥላሴ የንስሐ ልጆች አንድ በአንድ ሌላ ነፍስ አባት ያዙ።

በ2009 ዓ.ም. እርሻው ከስሮ ተዘጋ። ባለሀብቱ በዚያው አውሮፕላን ሄደ፤ ደህና ሁኑ እንኳ አላለም። ማረፊያው ዳር የተሰቀለው የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ጨርቅ ቡትቶ ሆኖ እስኪወድቅ ሁለት ክረምት ተንጠለጠለ። ማሳችሁ ተመልሶላችኋል የሚል ደብዳቤ ተነበበልን። ተመለሰ የተባለው መሬት ግን ማረሻ የሚሰብር ነበር፤ ገብስም አላበቀለም።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ጠጠሩን ለማንሣት ደቦ ጠሩ። ወይዘሮ ዓለምእሸት ሦስት ጋን ጠላ ጠመቁ። አንድም ሰው አልመጣም፤ ጠላው ኮመጠጠ። በማግስቱ ብቻቸውን ከአቶ ፈንታው ማሳ ጀመሩ። እየቆፈሩ፣ ጠጠሩን በቅርጫት እያጋዙ ገደል ሲደፉ ሰባት ዓመት አለፈ። በጦርነቱ ጊዜ እንኳ ያቋረጡት ሦስት ወር ብቻ ነው። አንድ ማሳ በጸዳ ቁጥር ባለቤቱ በነጋታው በሬ ጠምዶ ይገባ ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ ያላቸው የለም።

ላሊበላ በአስጎብኚነት የምትሠራው ልጃቸው ሰርክአዲስም ለበዓል ስትመጣ ታፍርባቸው ነበር። «አባባ ይተዉት፣ ሰው እየሣቀብዎት ነው» ስትላቸው፣ «ይሣቅ። የሰው መሬት ይዤ አልሞትም» አሏት። ይህን የጻፈችው እሷ ናት፤ ያን ማለቷ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ሳምባቸውን ታመሙ። ወንድምአገኝ ከሙጃ ድረስ ተሸካሚ ለምኖ አምጥቶ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። አልተሻላቸውም። የካቲት 9 ቀን በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችን፣ አራት የልጅ ልጆችንና አንድ ጠጠር የለበሰ ማሳ ትተውልናል። አሥራ ሦስቱን ማሳ ለየባለቤቱ መልሰዋል። የቀረው አሥራ አራተኛው የራሳቸው ነው፤ ሲሰጡ የመጀመሪያ፣ ሲያጸዱ የመጨረሻ አደረጉት።

ዛሬ መቃብራቸውን ለመቆፈር ዶማ ይዞ ያልመጣ ቤት የለም፤ አቶ ፈንታውም መጥተዋል። ለደቦው እንዲህ ብትመጡ ኖሮ በአሥራ አምስት ቀን ያልቅ ነበር። ቃሉን የማያጥፍ አምላክ፣ በሰው ቃል የተታለሉትን የአባታችንን ነፍስ በአብርሃም ዕቅፍ ያሳርፍልን። ለሠልስታቸው ስትመጡ ዶማችሁን ቤት አታስቀምጡት፤ ማሳቸው መንገዳችሁ ላይ ነው።