ቀለሙ የለቀቀው ቀይ ጃንጥላ

ጥያቄ ለማያልቅባት ለልጅ ልጄ ለማ ትዌ ይን፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የሚችና ብርድስ ለመደሽ? ባልሽ ኮ ባ ሶ የባቡሩ ጭስ እንዳጠቆረው ነው ወይስ ትንሽ ነጣ? የአማትሽ የዶ ቴ ዩ ጉልበትስ እንዴት ነው? ምላሳቸው ደህና መሆኑን ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ። እኔ ከጥርሴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ።

«አያቴ፣ ለልዕልቲቱ የሠራኸው ጃንጥላ በቀብር ላይ ቀለሙ ለቀቀ መባሉ እውነት ነው? አማቴ አያትሽ ጃጁ እያሉ ይስቁብኛል» ብለሽ ጠይቀሽኛል። እውነት ነው፣ ለቋል። እንዴት እንደለቀቀ ግን በፖስታ ቤት የሚላክ ወሬ ስላልሆነ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚመጡት መነኩሴ በእጃቸው ሰጥቻለሁ። አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው።

እንግሊዞቹ ልዕልት ቴይን ማላንና እናቷን የነገሥታቱ ከተማ ከነበረችው ከማንዳላይ አርቀው ከሱቄ ፊት ለፊት ካስቀመጧቸው አራት ክረምት አለፈ። እኔም እንዳንቺው ነኝና ቀርከሃ እየላግሁ በአንድ ዓይኔ እነሱን አያለሁ። ልዕልት ልብስ ታጥባለች? ሽንኩርት ስትልጥስ እንባዋ ይመጣል? ታጥባለች፣ ይመጣልም። እናቷ ግን የንጉሥ ሚስት የነበሩ ናቸውና ዓሣ ሻጯ እንደ ቤተ መንግሥቱ ወግ እግሯን አጥፋ ካልተቀመጠች አይገዙም ነበር።

በዚህ ክረምት እናትየው አረፉ። ልዕልቲቱ ሱቄ መጥታ «እናቴ ነጭ ጃንጥላ ሳትዘረጉብኝ አትቅበሩኝ ብለው ነው የሞቱት» አለችኝ። ነጭ የዙፋን ጃንጥላ መሆኑን የእንግሊዞቹ ሹምም ያውቃል። ነጭ ካየሁ ሬሳውን መንገድ ላይ አስቆማለሁ፣ አንቺንም ባሕር አሻግርሻለሁ ብሏታል።

«እንግዲያው ቀይ ልሥራልዎ» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እርስዎም ፈሩ?» አለችኝ።

«እመቤቴ፣ እኔ የምፈራው ሚስቴን ብቻ ነበር፣ እሷም ሞታለች። ብቻ ቀብሩን ከሰዓት በኋላ ያድርጉት» አልኳት። ሌላ ምንም አልነገርኳትም።

መቼም ሱቄ ውስጥ ነው ያደግሽው፤ መጀመሪያ ቀለም፣ በላዩ ውሃ የማያስገባው ሙጫ ነው። እኔ ገለበጥኩት። ነጩን ጨርቅ ሙጫ አጠጣሁትና ሲደርቅ ቀይ አፈር በሩዝ ውሃ በጥብጬ ከላይ ቀባሁት።

ሹሙ በቀብሩ ዕለት መጥቶ ጃንጥላውን ዞሮ አየና «ጥሩ ቀይ ነው» አለ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ በዋጋውንግ ወር ከሰዓት በኋላ የማይቀረው ዝናብ ወረደ። ቀዩ በልዕልቲቱ ትከሻ ላይ ጎረፈ፤ እሷ ግን ቀና ብላ እንኳ አላየችም። መቃብሩ በር ስንደርስ በሬሳው ላይ የተዘረጋው ነጭ ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ጭቃው ላይ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሹሙ ጮኸ። እኔም ተንበርክኬ «ጌታዬ፣ እርጅና ነው! ሙጫውን ረስቼው!» አልኩ። ጎረቤቴ ጃንጥላ ሠሪው ኡ ፖ ሚያ «ከእንግዲህ ጃንጥላህን ለበጋ ሽጠው!» ሲለኝ ፖሊሶቹም ሳቁ፣ ሹሙም እጁን አወናጭፎ ተወኝ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ሱቄን አልረገጠም። አልዋሽሽም፣ የሃምሳ ዓመት ስሜ ነውና ከነከነኝ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን ልዕልቲቱ ነገሩ ገብቷት ይሆን ወይስ እሷም እንደ ሰዉ ጃጀ ብላኝ ይሆን የሚለው ነበር።

ትናንት ገበያው በሞላበት ሰዓት መንገዱን ተሻግራ መጣችና በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች። ኡ ፖ ሚያ እንዲሰማ ጮክ ብላ «ለራሴ ጃንጥላ ይሥሩልኝ፤ ከእርስዎ በቀር የማንንም አልይዝም» አለች። ምን ዓይነት ቀለም ብላት «ቀይ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ያውም ወደ ደህናው፣ «ይሄኛው ግን እንዳይለቅ» አለችና ሳቀች። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሴቶች ጃንጥላ አዘውኛል።

ኮ ባ ሶን ፊትህን ታጠብ በይልኝ። ሕፃኗን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ለዶ ቴ ዩ ከብዙ አክብሮት ጋር አንድ ቀይ ጃንጥላ ልኬላቸዋለሁ፤ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በዝናብ ይሞክሩት። ይለቃል ወይስ አይለቅም የሚለውን አንቺም አትንገሪያቸው።

አያትሽ ኡ ካን ቱን
ፓቴን፣ ዋጋውንግ ወር፣ ጨረቃ ከሞላች በሦስተኛው ቀን፣ 1283 በበርማ አቆጣጠር