ከጠረጴዛው ሥር

ንቫርድ ጃን፣ ውዴ፣ ሕመምሽን ለእኔ ያድርገው፤ ብራስልስ ላይ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። ለብርዱ ወራት ቃሪያውን ጠብሼ በጠርሙስ አሽጌያለሁ። ካፖርት መልበስ እንዳትረሺ።

ትናንት እዚህ ከተማችን ሜትሳሞር፣ የኒውክሌር ማመንጫችን እንዳይዘጋ ስብሰባ ነበር። ይዘጋ ብለው ከውጭ የፈረሙት ሰዎች ስም ሲነበብ ያንቺም ተጠራ። አባትሽ ሲሠራ ዕድሜውን የፈጀበት ማመንጫ! ጎረቤታችን አባትሽን «ህራንት፣ ይቺ ያንተዋ አይደለችም እንዴ?» ሲለው «የኔዋ ናት» ብሎ ወጣ። እስካሁን እህል አልቀመሰም።

አልፈራም አልልሽም። መሬት ነቅነቅ ሲል፣ ብርጭቆው ሲንኳኳ፣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ማመንጫው ነው። ግን ያኔ ከትልቁ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የዘጉት ጊዜ፣ ለዓመታት መብራት ጠፍቶ፣ የቤታችንን ወለል እየነቀልን አነደድን፤ የተወለድሽበትን አልጋ ሳይቀር። ዘመዶቻችን በብርድ አለቁ። በመጨረሻ ማመንጫው ተከፍቶ ሕንፃው በሙሉ «መብራት መጣ!» ብሎ ሲጮህ፣ አንቺ የሦስት ዓመቷ ጠረጴዛ ሥር ገብተሽ «አጥፉት! አጥፉት!» እያልሽ አለቀስሽ። የምታውቂው ኩራዝ ብቻ ነበራ።

ዛሬም «አጥፉት» አልሽ።

እግዜር ልቦና ይስጥሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው። አባትሽ ጋ ደውይ፣ የኔ ልጅ። ያን ቀን ከጠረጴዛው ሥር አቅፎ ያወጣሽ እሱ ነው።

እናትሽ ሹሻኒክ