ቀበሌው የሞተበት ካለ ይንገረን

ለውድ ወንድሜ ሙስዓብ፣

አሰላሙ አለይኩም። ለጤናህ እንደምን አለህ? ሑስናስ እንዴት ናት? ትንሿ ፈውዚያ ጥርስ አወጣች? የዱባይ ሙቀት ቀለል አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ያው የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያለበሰን እንኖራለን። በስልክ ይህን ወሬ ስጀምር ኔትዎርክ የለም እያልክ ስለምትዘጋብኝ በወረቀት ጻፍኩልህ።

ተናድጃለሁ። በክረምቱ እማ በራችን ላይ ያለው ክፍት ቦይ ውስጥ ወድቃ እግሯ ሲሰበር፣ ከዚህ አገር ምንም አትጠብቂ፣ ዝም ብለሽ ኑሪ አልከኝ። ቦዩን አስከድናለሁ ያለውን ሰውዬ ቤት ለቤት እየዞርክ ምረጡት ያልከው አንተ አይደለህም? ቦዩ ይከደንልሻል ብለህ የእማን እጅ ይዘህ የምርጫ ሰልፍ ላይ ያቆምካትስ? እሱ ተመረጠና ጠፋ፤ አንተም አኩርፈህ ሄድክ። ከቦዩ ጋር የቀረነው እኛ ነን።

ቀበሌው ስብሰባ በጠራ ቁጥር የእድራችንን ድንኳንና ወንበር እንደሚወስድ ታውቃለህ። ባለፈው ወር ሊወስዱ ሲመጡ የእድሩ ንብረት ያዥ አዴ ገላኔ ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጥረው በሩ ላይ ቆሙ። «ድንኳኑ የሐዘንተኛ ነው። ቀበሌው የሞተበት ካለ ይንገረን፤ መጥተን እናለቅሳለን» አሏቸው። ሊያስፈራሯቸው ሲሞክሩ እኛ ሴቶቹ ከኋላቸው ቆምን። ቦዩ ካልተከደነ ድንኳን የለም አልን።

ስብሰባው ሜዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ሆነ። ነፋሱ መፈክር የተጻፈበትን ጨርቅ ገንጥሎ ወሰደው። ከከተማ የመጡት እንግዳ አቧራቸውን እያራገፉ ድንኳን ለምን እንደሌለ ጠየቁ፤ ነገርናቸው። በሳምንቱ የሲሚንቶ ክዳኖች በመኪና ተጭነው መጡ። ደስ ያለኝ እንዳይመስልህ፤ ይልቅ ባሰብኝ። ይህን ያህል ቀላል ከነበረ የእማ እግር ለምን ተሰበረ?

ትናንት እማ በምርኩዝ ወጥታ ክዳኑ ላይ ቆመች። በምርኩዟ መታ መታ አደረገችውና «ሙስዓብ ቃሉን ጠበቀ፣ አይደል?» አለችኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን ሳይ ግን አዎ አልኳት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ውሸታም አታድርገኝ። አሁን የያዝነው ወደ መስጊድ የሚወስደውን መንገድ መብራት ነው፤ እስኪበራ ድንኳን አንሰጥም። የዚያ ሰውዬ ስልክ ያለው አንተ ጋ ነው፤ በየቀኑ ደውልለት። ኔትዎርክ የለም ካለህ አትመነው፤ ዘዴውን አንተም ታውቀዋለህ።

ሑስናን ሰላም በልልኝ፤ ፈውዚያን ጉንጯን ሳምልኝ። አዴ ገላኔ ናፍቆታቸውን ልከዋል። እማ በዱዓዋ አትረሳህም።

እንደተቆጣሁብህ የምወድህ እህትህ
ቶይባ

አዳማ፣ ኅዳር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.