የቀይዋ ላም ወተት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ጠዋት 1፡15

ዛሬም አልረጋም። ሦስተኛ ቀኑ። ክዳኑን ከፈትኩ፤ ወተቱ ያው ወተት ነው፣ እርጎ የመሆን ሐሳብ የለውም። ዕቃውን ትናንት በፈላ ውሃ አጥቤ በወይራ አጥኜው ነበር። ሂሩት ጥፋቱ የአስተጣጠቤ ነው ትላለች። ባለቤቴም ናት፣ መ/ርትም ናት፤ በሁለቱም በኩል እኔን ማረም ይፈቀድላታል።

ጽዮን ቅር አላት። አራት ዓመቷ ነው፣ ለሷ ቁርስ ማለት እርጎ ነው። ያልረጋውን በኩባያ ሰጠኋት፣ ጠጣች።

ወተቱን የሚያመጡልን እትዬ ዘነቡ ናቸው። ሁለት ላሞች፣ አንድ የልጅ ልጅ፣ ከኛ ሦስት በር ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ። ሂሩት ስታምጥ እጇን ይዘው ያልለቀቁ ሴት። የረቡዕ የቤት ጸሎት ኅብረታችን እናት። ስለ እርጎው ብነግራቸው የእንጦጦ ብርድ ነው አሉኝ። እሺ፣ ብርድ ነው።

አውቃለሁ ደብተሬ፣ አትዪኝ። ጉርድ ሾላ ላብራቶሪ ውስጥ የሰው ሰገራ ስመረምር ውዬ፣ ላገኘሁት ሁሉ ወተት አፍሉ እያልኩ፣ ቤቴ ጥሬውን አረጋለሁ። እርጎ ግን የሚጥመው ከጥሬ ነው። ደግሞ የእትዬ ዘነቡ ወተት ነው፤ የማን መሰለሽ!

ዓርብ፣ ጥቅምት 7። ምሽት 12፡30

ትኩሳት። ተቅማጥ። ትናንት ጀመራት፣ ዛሬ ባሰባት። ዶ/ሯ የተለመደውን ሽሮፕ አዘዘች። የነገው የእንጦጦ ፓርክ ጉዞ ቀረ፤ ጽዮን ፈረስ ልትቀመጥ ነበር። ስነግራት አላለቀሰችም። ያስፈራኝ እሱ ነው፤ ልጄ ለፈረስ የማታለቅስ ልጅ አይደለችም።

እትዬ ዘነቡ ሮጠው መጡ። ግንባሯን ዳብሰው ጸለዩላት። ወተት አትከልክሏት፣ ጉልበት ይሆናታል አሉ። ሰጠናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ቀን 7፡00፣ ሆ/ል

ተኝታለች። እጇ ላይ ግሉኮስ ተሰክቷል። ሽሮፑ ምንም አልፈየደም፣ ጭራሽ ሰገራዋ ውስጥ ደም አየሁ። በሥራዬ ስንት ደም አይቻለሁ፤ የልጄ አልነበረም። ናሙናውን ራሴ ላብራቶሪያችን አስገባሁ። ተህዋሲው እስኪያድግ ሁለት ሦስት ቀን። መጠበቅ ብቻ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ቀን 6፡00

ውጤት። ሳልሞኔላ። ባደገው ላይ መድኃኒት የተነከሩ ትናንሽ ክብ ወረቀቶች ይደረደራሉ፤ መድኃኒቱ ከገደለው በወረቀቱ ዙሪያ ንጹህ ቀለበት ይታያል። ሳህኑን ወደ ብርሃን አነሳሁት። ቀለበት የለም። ቀጣዩ፣ የለም። ሽሮፗ፣ የለም። አንዱ ላይ ብቻ አለ። መድኃኒቱን ሁሉ የለመደ ተህዋሲ የአራት ዓመት ልጅ ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? ከየት መጣ? ለዶ/ሯ ደወልኩ፣ ወደዚያ አንዱ መርፌ ተቀየረላት። እሱም እምቢ ካለ የሚቀጥል የለም።

ያው ረቡዕ። ምሽት 1፡30

ኅብረቱ እትዬ ዘነቡ ቤት ነበር፣ ለጽዮን ጸሎት። ሂሩት ሆ/ል ቀረች፣ እኔ ሄድኩ። ከጸሎት በኋላ እርጎ ቀረበ። የረጋ። ማንኪያ የሚያቆም። የልጅ ልጃቸው አፉን ነጭ አድርጎ ሲበላ እያየሁ ጽዮን ትዝ አለችኝ።

ያው ዳገት፣ ያው ብርድ። የሳቸው ረጋ፣ የኛ አልረጋም። ምነው ብዬ ጠየቅኩ። ያልሰሙ መስለው ኩባያ ሰብስበው ወደ ጓዳ ገቡ። እትዬ ዘነቡ ጥያቄ የሚያልፉ ሰው አይደሉም።

ቤት ስመለስ ጠዋት ያመጡልንን ወተት በጠርሙስ ቀዳሁ። ነገ ሥራ ይዤው እገባለሁ። ምን እንደምፈልግ ገና ለራሴም አልነገርኩም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ምሽት 12፡00

ሁለት ነገር ሞከርኩ። አንደኛ፣ ከሱቅ የገዛሁት ወተት ላይ አንድ ማንኪያ እርጎ ጨመርኩ፤ አድሮ ረጋ። ከሳቸው ወተት ላይ ያንኑ ጨመርኩ፤ ወተት ሆኖ አደረ። የሚያረጋውን ነገር የሚገድል መድኃኒት ወተቱ ውስጥ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ወተቱን ሳህን ላይ ዘራሁት። መድኃኒቱ ያልገደለው አድጎ ጠበቀኝ። ሳልሞኔላ። ቀለበት የለም፣ የለም፣ አንዱ ላይ ብቻ አለ። የልጄ ሳህን ቁርጥ።

10 ሰዓት ላይ ዳገቱን ወጣሁ። በረት ውስጥ አገኘኋቸው። የቀይዋ ላም ግት አብጧል። መስኮቱ ላይ ባዶ ብልቃጦች። አንዱን አነሳሁ። ፕላስተር ተለጥፎበታል፣ ፕላስተሩ ላይ ጠዋትና ማታ የሚል ጽሑፍ አለ። የኔ ጽሑፍ።

ነሐሴ ላይ ደረቴን አመመኝ ብለውኝ ነበር። የሐኪም ቤት ወረፋ አልችልም፣ አንተ ልጄ አይደለህ? አሉኝ። ከላብራቶሪያችን ሥር ያለው ፋርማሲ ያውቀኛል፣ ያለ ማዘዣ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አመላለስኩ። ሲያስሉ ስላልሰማሁ መድኃኒቱ ሠራ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ሞኝ።

አልካዱም፤ ለደረታቸው ያልኩትን መድኃኒት ለቀይዋ ላም ነበር የሚሰጡት። የእንስሳት ሐኪሙ ከመድኃኒት በኋላ ለቀናት ወተቱን እንዲደፉ ነግሯቸዋል። መድፋቱ አላስቻላቸውም። ለደንበኛ የቀይዋን፣ ለቤታቸው የነጯን። ጽዮንንስ? አልኳቸው፤ እጅዎ ላይ የተወለደችውን?

«እናንተ የሐኪም ቤት ሰዎች ናችሁ ልጄ» አሉኝ። «የልጅ ልጄ ግን ያለው እኔን ብቻ ነው።»

ደብተሬ፣ እዚህ ጋ እሷ ብዬ ልጽፋቸው ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለ። ተቃጥያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ አምኜ! ስለ ተህዋሲው አያውቁ ይሆናል። ለራሳቸው ልጅ የትኛዋን ላም ወተት እንደማይሰጡ ግን ያውቁ ነበር። እያወቁ ግንባሯን ዳብሰው ጸለዩላት።

የቀይዋን ላይሸጡ ቃል ገቡልኝ። ብልቃጡን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ቀን 9፡00፣ ሆ/ል

ትኩሳቱ ወረደ። ወረደ! ዳቦ ጠየቀች፣ ቀጥላ ፈረሱን ጠየቀች። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

እትዬ ዘነቡ መጡ። በሻሽ የተጠቀለለ ትንሽ ዕቃ ይዘዋል። እርጎ። የነጯ። ሂሩት አቅፋ ሳመቻቸው። አልነገርኳትማ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም የብልቃጡ ጽሑፍ የማን እንደሆነ አይታ ታውቃለች። ጽዮን እጇን ዘረጋች። ሐኪም ከልክሏል ብዬ ዋሸሁ። እኔና እሳቸው ተያየን። ምስጢረኞች ሆነናል፣ ይኸው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19። ጠዋት 1፡00

ልብስ ልቀይር ቤት መጥቼ በመስኮት አየሁ። እትዬ ዘነቡ የወተት ጣሳቸውን ይዘው ፊት ለፊታችን ያለው በር ላይ ቆመዋል። የአራስ ቤት ነው፤ ትልቁ ልጅ የሦስት ዓመት ነው። ሮጬ ወጣሁ። የየትኛዋ ነው? አልኳቸው። የነጯ አልበቃ አለኝ አሉ።

ጣሳውን ከእጃቸው ተቀብዬ ቦዩ ውስጥ ደፋሁት። የነገውንስ ማን ይደፋል? በየቀኑ በየበሩ ቆሜ?

ያው ረቡዕ። ምሽት 12፡15

ጽዮን ከሰዓት በኋላ ከሆ/ል ወጣች። ጓዳ ተኝታለች፣ ትንፋሿ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ዛሬ ኅብረቱ እኛ ቤት ነው፣ ለምስጋና። የኅብረቱን መሪ፣ ወተቱን ሳልጠቅስ እትዬ ዘነቡ በደሉኝ ብዬ፣ ቀድሜ አማከርኩት። በግል ይለቅ፣ የእናታችን ስም አይነሳ አለኝ። ግማሹ ኅብረት የሚጠጣው የሳቸውን ወተት ነው፣ የሱም ልጆች ጭምር። አላወቀም እንጂ።

ለሂሩት ከአንድ ሰዓት በፊት ነገርኳት። ሁሉንም። ብልቃጡን ተቀበለችኝ፣ ጽሑፉን አነበበች፣ መለሰችልኝ። ወንበሮቹን ብቻዋን ደረደረች።

ብልቃጡን ጠረጴዛው መሐል አስቀመጥኩት፣ ጽሑፉን ወደ በሩ አዙሬ። የምጀምረው ከሱ ነው፤ ይሄ የኔ እጅ ነው፣ ያመጣሁት እኔ ነኝ ብዬ። ከዚያ የቀይዋን ላም ወተት እናገራለሁ፣ ስማቸው ይነሳ አይነሳ። የሚጠላኝ ይጥላኝ።

በሩ ተንኳኳ። ሂሩት ልትከፍት ሄደች። የመጀመሪያዋ እሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸው ነው፣ ገና ከደጅ ጽዮኔ የት አለች እያሉ