ከካምፑ ግንብ ሥር

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፣ ቡሬ

ነፍሷን ይማርና ለባለቤቴም ያልነገርኋትን ዛሬ ልጻፈው። ጣሊያን ወደ ዓባይ የሚወርደውን መንገድ ለመጠበቅ ከጉብታው ላይ ካምፕ ሲሠራ እኔ ድንጋይ ተሸካሚ ነበርሁ። የጎረቤቴ የእማሆይ ጥሩነሽ ልጅ እዚያው ታስሮ ሞተ። ቅበረው ብለውኝ ያለ ፍትሐት ከግንቡ ሥር ቀበርሁት። ለጠላት ሠራ እንዳልባል ፈርቼ እናቱን «አምልጦ ዓባይን ተሻግሯል» አልኋቸው።

ጣሊያን ሄደ፤ ካምፑም የጅብ ማደሪያ ሆነ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከዚያ አልወጣሁም፤ በሬን በከፈትሁ ቁጥር ግንቡ ፊቴ ነው። እማሆይ ተዝካር አውጡ ሲባሉ «ለሕያው ልጄ? እናንተ ምን ነካችሁ!» ይላሉ። በየገበያው ቀን ደግሞ «ከዓባይ ማዶ የመጣ ሰው የለም፣ ልጄ?» ይሉኛል።

ትናንት ቄሱ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድንጋይ እንዲሆን የካምፑ ግንብ ይፍረስ አሉ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ እማሆይን እጃቸውን ይዤ ጉብታው ላይ አወጣኋቸውና አንድም ሳላስቀር ነገርኋቸው።

እሳቸውም መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ራስጌው በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

አሳየኋቸው።