ሥልጠናውን አራተኛ ፎቅ ላይ ስላደረጉልን

ለተከበሩ የሥልጠና መምሪያ ኃላፊ፦

እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ በተለይም ሥልጠናው የተሰጠበት አዳራሽ ጌታ የሆኑት የባለቤትዎ ወንድም እንደምን ሰነበታችሁ? ጉልበታችሁን ያጽናላችሁ፤ ያለ ጉልበት እርስዎ በመረጡት ቦታ መማር እንደማይቻል እኔ በሁለት ክራንች የምሄድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይቼዋለሁ።

የኮምፒውተር ሥልጠናውን ያላለፈ ከሥራ መደቡ እንደሚነሳ በተነገረን ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጄ የጻፍኩትን መዝገብ በኮምፒውተር ልይዝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። የመሥሪያ ቤታችን ሰፊ የምድር ቤት አዳራሽ ባዶውን ተቀምጦ ሳለ፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሠርግ አዳራሽ ስለመረጡልን ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1. በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጥበቃዎች በወንበር ተሸክመው ሲያወጡኝ እርስዎ ደረጃው ላይ አግኝተውኝ፣ «ሙሽሪት መጣች፣ እልል በሉ እንጂ!» ብለው ስላሳቁብኝ። ባልደረቦቼ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ፤ ሰው ትከሻ ላይ ሆኖ መቆጣት አይመችም።

2. በማግስቱ አንደኛው ጥበቃ ወገቡን ስለታመመ፣ ሰባ ሁለቱን ደረጃ በመቀመጫዬ እየተጎተትኩ ወጣሁ። ስደርስ አሥራ ስምንት ሰው ሦስት ኮምፒውተር ከቦ ቆሟል፤ አዳራሹ ያለው አንድ ሶኬት ብቻ ነበርና። የዕለቱ ትምህርት አልቆ ኖሮ ስሜ ላይ «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል። ቤት ስገባ ልጄ ቀሚሴ ለምን እንደተቀደደ ብትጠይቀኝ፣ ወድቄ ነው አልኳት። እርስዎን ከማስረዳት መውደቅ ይቀላል።

3. ቦታው እንዲቀየር ቢሮዎ መጥቼ ስለምንዎ፣ ዓይንዎን ከስልክዎ ሳያነሱ «ለአንቺ ብዬ ይኼን ሁሉ ሰው ላንከራትት?» ስላሉኝ። ከዚያ በኋላ አልወጣሁም።

በመጨረሻም «ደረጃ እንዳያስቸግራት» በሚል አዛኝ ደብዳቤ ከመዝገብ ቤት አንስተው በር ላይ እንግዳ መዝጋቢ ስላደረጉኝ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሲገቡና ሲወጡ ብድግ ባለማለቴ ይቅርታዎን የምለምን፣ ዝቅ ካሉት ሁሉ ዝቅ ብዬ የማከብርዎ፣

የበር እንግዳ መዝጋቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አሠልጣኙ ነገሩን ሰምቶ በየምሳ ሰዓቱ የራሱን ላፕቶፕ ይዞ እየወረደ፣ በሩ ሥር በዘጠኝ ቀን አስተምሮኛል። ይህን ደብዳቤ ራሴ ጽፌ ለሠራተኛው ሁሉ በኢሜይል ልኬዋለሁ። እርስዎ ግን ኢሜይልዎን ጸሐፊዎ በወረቀት አትማ ካላመጣችልዎ መክፈት እንደማይችሉ ስለሰማሁ፣ ሌላው ሰው ስቆ ሲጨርስ ይደርስዎታል።