«ሸሪክ የለንም» ላሉት ለኸሊፋ ረጀብ ሸሪክ

ለተከበሩ ሙፍቲ ታጅ መሊክ ሳሂብ፣
የዳሩል ወፋ የሽርክና ቤት የሸሪዓ ጉባኤ ሰብሳቢ፣
ፔሻዋር።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ይህች ደብዳቤ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤና፣ አዲሱን ሕንጻዎንም መብራቱ ሳይቋረጥና ቅዝቃዜው ሳይጓደል እንድታገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኔ በቦርድ ባዛር ከጨርቅ ተራው ጀርባ የምኖር፣ በወጣትነቴ አፍጋኒስታን ውስጥ ኩንዱዝ ከተማ የፋርስ ቅኔ አስተምር የነበርኩ፣ ዛሬ ግን መጽሐፍ ከማነብበት ይልቅ መነጽሬን የምፈልግበት ጊዜ የበዛብኝ ሽማግሌ ነኝ። እርስዎን ያህል ሰው በጋዜጣ ላይ ስም ጠርቶ ማነጋገር ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ዳሩ ግን ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤትዎ ተቀምጬ አረንጓዴ ሻይ ከመጠጣት በቀር ወደ እርስዎ የሚያደርስ በር ስላላገኘሁ፣ ይቅርታዎን እየለመንኩ በአደባባዩ መንገድ መጣሁ።

ጉዳዬ የጎረቤቴ የዳቦ ጋጋሪው የኸሊፋ ረጀብ ጉዳይ ነው። ኸሊፋ የምንለው በሙያው የተመሰከረለትን ባለ እጅ ነውና ስሙን ሲሰሙ ማዕረግ የተሻማዎት እንዳይመስልዎ። ሰኞ ጠዋት ዱቄቱን ከእጁ ሳያራግፍ ፖሊስ ወስዶታል፤ የስደተኛ ካርዱ ጊዜው ስላለፈ ሐሙስ ዕለት በካሚዮን ተጭኖ በቶርኻም ድንበር በኩል ወደ አፍጋኒስታን ይሻገራል ተብሏል። ከዚህ የሚያተርፈው ከእርስዎ ቤት የሚወጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። እሱን ከመለመኔ በፊት ግን ቤትዎ ለዚህ ሰው የዋለለትን ውለታ በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጁምዓ ሶላት በኋላ ወኪልዎ ወደ መስጊዳችን መጥቶ፣ «እኛ አበዳሪ አይደለንም፤ ሸሪክ ነን። ስታተርፍ አብረን እናተርፋለን፤ ስትከስር አብረን እንከስራለን» ሲል በዚያ ባማረ ድምፁ ስለተናገረ ቤትዎን አመሰግናለሁ። ረጀብ አራጣን ፈርቶ ከማንም ሳይበደር፣ ሊጡን በክንዱ እያቦካ፣ ትከሻው አልነሣ እስኪለው ድረስ የሠራ ሰው ነው። ያን ዕለት ከመስጊድ ስንወጣ እጄን ይዞ፣ «ሙዓሊም ሳሂብ፣ ሰምተዋል? ስደተኛን ሸሪኬ የሚል ሰው ተገኘ እኮ» አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር። ገንዘብዎም ሊጥ ማቡኪያ ማሽንና ሁለተኛ ምድጃ ሆነለት።

ሁለተኛ፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የኩንዱዝ ሰዎች መሆኑን ላስረዳዎ ይገባል፤ ሽርክናን የተማርነው ከሕግ መጽሐፍ ሳይሆን ከገበያ ነውና። አጎቴ የዘቢብ ነጋዴ ነበር። በሐሰት ተከስሶ በታሰረ ጊዜ ሸሪኩ ፍራሹን ተሸክሞ መጥቶ፣ አጎቴ እስኪፈታ ድረስ የእስር ቤቱ ደጃፍ ላይ አደረ። በከተማው ይህን እንደ ጀግንነት የቆጠረው አልነበረም፤ ወሬ የሚሆነው ሳይመጣ ቢቀር ነበር። ረጀብም በዚያው ባረጀ ትምህርት ተመርቶ፣ ከምድጃው መጀመሪያ የሚወጣው ዳቦ የሸሪክ ነው በማለት በየማለዳው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቅርንጫፍዎ ይዞ ይሄድ ነበር። ለእርስዎ ሳይደርስ የቀረ እንደሆነ አይደነቁ፤ ዘበኛው ይበላው ነበር። በመጀመሪያ እያፈረ፣ ኋላ ግን «ኸሊፋ፣ ሰሞኑን ሰሊጡ ሳሳ፤ ሸሪክህ እንዳያኩርፍ» እያለ። ረጀብም በነጋታው ሰሊጥ ያበዛል። ልጁን በዳረ ዕለት ደግሞ ከድግሱ ራስጌ የቤትዎን ቦታ ክፍት አስቀምጦ፣ ሸሪኬ ሳይመጣ ሩዙ አይቀርብም ብሎ እንግዳውን ሁሉ አስጠበቀ። የሙሽራው አጎት ሆዱ ሲጮኽበት፣ «ወንድሜ፣ ይኼ ሸሪክህ የሚመጣው ከመካ በእግሩ ነው እንዴ?» ቢለው፣ «ትልቅ ቤት ነው፤ ሥራ ይበዛበታል» ብሎ መለሰለት። ምግቡ ቀዘቀዘ። ስላልመጡልን ምስጋናችን የላቀ ነው፤ ሥጋው ለሁሉም የሚበቃ አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ስለ ኪሳራው። አምና በብርዱ ወራት ዱቄት ተወድዶ ምድጃው በከሰረ ጊዜ ረጀብ የክት ልብሱን ለብሶ ሸሪኩን ሊያጽናና ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። ከመስኮቱ ኋላ ለተቀመጠው ወጣት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «አይዟችሁ፣ አላህ ይተካልናል፤ በጣም እንዳታዝኑ» አለው። ወጣቱም በትሕትና አስቀምጦን፣ ቤቱ ኪሳራ የሚጋራው በሠሪው ቸልተኝነት ያልደረሰ ሲሆን ብቻ መሆኑን አስረዳን። የቸልተኝነቱ ማስረጃም ወዲያው ተገኘ፤ ረጀብ ዕቃቸውን ሸጠው ወደ ድንበር ለሚጓዙ የአገሩ ልጆች የመንገድ ስንቅ በዱቤ ይሰጥ ነበርና። ሊባረር ለተቃረበ ሰው ዳቦ ማበደር ቸልተኝነት ነው የሚለውን ፍርድ ያጸደቀው የእርስዎ ጉባኤ መሆኑን ስሰማ፣ እኔ በበኩሌ ይህን ያህል ዘመን መልካም ሥራ ይመስለኝ ስለነበር፣ ስላረማችሁኝ አመሰግናለሁ።

የሰኞውን ነገር ቁጥር ሳልሰጠው ላውጋዎ፤ ከየትኛው ውለታ ጋር እንደምመድበው አላወቅሁም። ከሚስቱ ከቢቢ ማህጉል ጋር ጣቢያ ደርሰናል። መኮንኑ ክፉ ሰው አይደለም። «ስማኝ አባባ፣ የዚህ አገር ሸሪክ ያለው ሰው፣ ሸሪኩ ‘የኔ ነው’ ካለለት ሱቁን የሚያደራጅበት ጊዜ እሰጠዋለሁ። ሰው አለህ?» አለው ረጀብን። ረጀብ ፈገግ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሳይደነግጥ የቆየው ለካ ይህን ጥያቄ እየጠበቀ ኖሯል። «አለኝ እንጂ። ትልቅ ቤት ነው፤ ደውልላቸው» አለ። መኮንኑ ሁላችን እንድንሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ደወለ። ከቅርንጫፍዎ የመጣው መልስ አጭርና ጨዋ ነበር፤ «እኛ ደንበኛ እንጂ ሸሪክ የለንም።»

መኮንኑ አንገቱን ደፋ። ረጀብ ግን አዘነለት። «ሌላ ቤት ገብቶብህ ይሆናል፣ ልጄ። ቁጥሩን ቀስ ብለህ እንደገና ሞክረው» አለው።

እንደገና ተሞከረ። የመጣውም ያው መልስ ነበር። ቢቢ ማህጉል መጎናጸፊያዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግስቱ ቅርንጫፍዎ ሄጄ ስጠይቅ፣ ሽርክናው በንብረቱ ላይ እንጂ በሰውየው ላይ እንዳልሆነ እርስዎ ራስዎ መወሰንዎን ነገሩኝ። ሙፍቲ ሳሂብ፣ ዕድሜዬን በቅኔ ስፈጅ እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር አላጋጠመኝም። ምድጃው ሸሪክዎ ነው፤ ማሽኑም ሸሪክዎ ነው፤ ሊጡን የሚያነሣው ክንድ ግን ባዕድ ነው። ፖሊስ ምድጃውን አስሮት ቢሆን ኖሮ ፈጥነው እንደሚደርሱለት አልጠራጠርም።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ፍራሽ ተሸክመው የጣቢያው ደጃፍ ላይ ይደሩልን አልልም፤ ለጤናዎም አይበጅም። «ይህ ሰው ሸሪካችን ነው» የሚል ቃል ብቻ ከሐሙስ በፊት ለመኮንኑ ይድረሰው። ሐሰት ተናገሩ አላልኩም፤ በመስጊድ ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ በራሳችሁ አንደበት ያላችሁትን ነው። ቢቢ ማህጉል ምድጃው እንዳይጠፋ ብቻዋን ታነድዳለች፤ ባለፍኩ ቁጥር «ምን አሉ፣ ሙዓሊም ሳሂብ?» ትለኛለች። ያን ያህል ዘመን ለተማሪ ሁሉ መልስ ሳላጣ የኖርኩት ሰው፣ «ነገ እንነግርሃለን ብለዋል» እያልኩ እዋሻታለሁ።

ለጉባኤዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለቃላችሁ ደግሞ ቢያንስ ከአንዱ ጁምዓ እስከሚቀጥለው የሚያደርስ ጉልበትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ምንም ድርሻ የሌለኝ፣ የማይጠቅም ደጅ ጠኚዎ፣
ሙዓሊም ጉላም ሀይደር
ቦርድ ባዛር፣ ረቡዕ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣው ሳላደርሰው ሐሙስ ነጋ። ረፋዱ ላይ ከቅርንጫፍዎ ተደወለና ቢቢ ማህጉል ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝ። ያው ጨዋው ወጣት ነው፤ «የሸሪካችን የኸሊፋ ረጀብ ሱቅ ነው? የዚህ ወር ድርሻችን አልገባም» አለኝ። «ማን አልከኝ፣ ልጄ?» ብለው፣ «ሸሪካችን፣ ኸሊፋ ረጀብ» ሲል ደገመልኝ። ስልኩን እንኳ በቅጡ ሳልዘጋ በባጃጅ ወደ ጣቢያው ከነፍኩ። መኮንኑ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ «ካሚዮኑ ጎሕ ሲቀድ ወጣ፣ አባት። ይህችን ቃል ትናንት ቢሰጡኝ ይበቃኝ ነበር» አለኝ። ስመለስ ወጣቱ ደግሞ ደወለ። ሸሪኩ ድንበር መሻገሩን ነገርኩት። እንደሚያዝን ገለጸልኝና አንድ ነገር ብቻ እንድተባበረው ጠየቀኝ፤ ድርሻው የሚጠየቅበትን የወዲያ ማዶውን አድራሻ። ሙፍቲ ሳሂብ፣ ረጀብ በልጅነቱ ጥሎት በወጣው አገር ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር እኔ አላውቅም፤ እሱም ገና አያውቅም።